ዘሩ አልተገኘም

በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው። መነን እስከ ዛሬ የምትለው እንዲህ ነው። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔም አለሁበት» ትላለች። ሰሌዳውና እሷ ተባብረው ዕድላዊት የምትባል፣ ከደጋው ከገረሴ የሆነች ልጅ መቃብር አፋፍ አድርሰዋት ነበርና እውነቷን ነው።

መነን አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሴቻ ላይ ባለ አንድ የጤና ተቋም የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አባቷ ከሰሜን ተሹመው መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ሴቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ኖራ ከጋሞኛ የምታውቀው «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና የአምስት ስድስት አትክልት ስም ብቻ ነው። ይህ ነገር ያሳፍራታል፤ ለመማር ግን አንድ ቀን ሞክራ አታውቅም።

እሷ የምትሠራበት ማሽን ጂን ኤክስፐርት ይባላል። ሥራው የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስን ፈልጎ ማግኘት ነው። የታማሚው አክታ የሚጨመርበት ካርትሬጅ የሚባል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ፕሮብ የሚባሉ ጥቃቅን ፈላጊዎች አሉ። እነዚህ ፈላጊዎች የዚያን ተሕዋስ ዘረ-መል አንዲት ቁራጭ ብቻ እንዲያውቁ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቁራጯን ካገኙ ይጣበቁባትና ያበራሉ፤ ካላገኙ ዝም ይላሉ። ሌላ ነገር አይጠይቁም፣ ሌላ ነገር አያውቁም። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ «ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይወጣል። መነን ከሰው ሁሉ ይልቅ ማሽኑን የምትወደው ለዚህ ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

ሰሌዳው ግን እንደ ማሽኑ አልሆነም። መጀመሪያ የተሰቀለው «የጂን ምርመራ ክፍል» ይል ነበር። አገሩ ጸሎተኛ ነው፤ ጂን ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ባሏን በክንዱ እየጎተተች መጥታ ጂኑ በየት በኩል እንደገባበት ማሽኑ ይይልኝ አለች። ባልየው ምንም አልሆነም፤ ስንፍና ብቻ ነበረበት። ቀጥሎ አንድ ሰባኪ መጥተው አጋንንትን መመርመር ከመቼ ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ሆነ ብለው ጠየቁ። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ በዛብህ ደንግጠው በዚያው ቀን ሰሌዳውን አስነቀሉት።

መነን «የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ» ይባል አለች። በዛብህ እንዲያ ተብሎ በተጻፈበት በር ማን ሰው እያየው ይገባል አሉ። ልክ ነበሩ፤ እሷን ያናደዳትም ልክ መሆናቸው ነው። እንግዲያው «የዘረ-መል ምርመራ ክፍል» ይባል አለች። ሰሌዳው ተሠርቶ ሲመጣ «የዘር ምርመራ ክፍል» ይላል። «መል» የት ሄደች ብትላቸው፣ ቦታ አልበቃም፣ ያው ነው አሉ። ያው ነው።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። በማግስቱ አንድ የአባያ ዳር ገበሬ በፌስታል በቆሎ ይዞ መጣ፤ ምርጥ ዘር ነው ተብሎ የተሰጠው እውነት ምርጥ መሆኑን ማሽኑ እንዲያይለት። ሌላው ወይፈኑን ግቢው አጥር ላይ አስሮ ወረፋ ያዘ። አንድ ከራባት ያሰረ ሰውዬ ደግሞ በሩን ከኋላው ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ በየትኛው ብሔር እንደምትመደብ በማኅተም እንዲጻፍለት ለመነ። መነን ለበዛብህ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ሦስቱም «ለሚመለከተው» ተብለው ተመሩ፤ የሚመለከተው ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ቀስ በቀስ ሰው ማስረዳት ሰለቻት። ሰው ሲያወራ ግማሹን ብቻ መስማት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

አቶ ኦይታ የመጡት በታኅሣሥ ወር በአንዱ ሰኞ ጠዋት ነው። ረዥም፣ ከሲታ፣ ኮታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ የገረሴ ገበሬ ናቸው፤ የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። በፌስታል የተጠቀለለ ክዳኑ ሰማያዊ የአክታ ዕቃና የገረሴዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጻፈችው የሪፈር ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱ፣ ዕድላዊት ኦይታ፣ ሴት፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ወር የቆየ ሳል፣ ላብ፣ ክሳት፣ አንድ ጊዜ ደም የቀላቀለ አክታ ይላል። ከታች ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት «አስቸኳይ» ተብሏል።

መነን ልጅቷ ራሷ ለምን አልመጣችም ስትላቸው፣ ሥራ ላይ ነው አሉ።

«ማን ነው ሥራ ላይ ያለው?»

«እሱ ነው። ልጁ።»

«እሷ ነው የሚባለው፣ አባቴ።»

ሰውየው ጥቂት አሰቡ። «እሺ» አሉ፣ «እሷ።»

የደጋ ሰው አማርኛ ሲናገር «እሱ»ና «እሷ» ይምታታበታል ብላ ካመነች ቆይታለች። እንዲህ ማረም ልማዷ ነበር፤ ደግነትም ይመስላታል። ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። ጥርት ያለ፣ አረፋ ያለው ምራቅ ነው እንጂ አክታ አይመስልም። መመለስ ነበረባት። ነገር ግን ሰውየው ሌሊት ተነሥተው ከገረሴ የወረዱ ናቸው፤ ከኋላቸው ሃያ ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ደግሞ ፍየል ይዟል።

ኦይታ ከመስኮቱ ዘወር አላሉም። ማሽኑ ዘሩን ያገኛል ወይ ብለው ጠየቁ። ካለ ያገኛል አለቻቸው። እስከ ስንት ቤት ድረስ ይቆጥራል አሉ። እሷ የመሰላት ስንት ቤተሰብ ይመረመራል ማለታቸው ነው፤ ስለዚህ ከተገኘ እቤት ያላችሁትን ሁሉ እናያለን አለች። ሰውየው በዚህ መልስ በጣም ረኩ። ከዚያም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳያደርጉ ደረቅ ሳል ሳሉ፣ ደጋግመው። እርስዎም ይስላሉ ብትላቸው የገረሴ ብርድ ነው አሉ። ለእሳቸውም ዕቃ ልትሰጣቸው እጇን ወደ መደርደሪያው ሰድዳ ነበር፤ ስልክ ጮኸ፤ ባለ ፍየሉ ሰውዬ ጭንቅላቱን አስገባ፤ በዚያው ተረሳ።

ወረቀቱ ወጣ። አልተገኘም። መነን ግራ ገባት፤ የተጻፈው ምልክት ሁሉ የነቀርሳ ነው። ከታች በደቃቅ ጽሕፈት «ጥርጣሬ ስላለ ድጋሚ አክታ ይላክ» ብላ ጨምራ ፈረመችበት። ኦይታ ግን ያነበቡት የላይኛውን መስመር ነው።

«አልተገኘም?»

«አልተገኘም፣ አባቴ። ደስ ይበልዎ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ፊታቸው ጨለመ። ወረቀቱን አራት አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱትና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ልጅህ ደኅና ናት የተባለ አባት እንዲህ አይወጣም። መነን ይህንንም የደጋ ሰው ጭምትነት ብላ አለፈችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷን ያወቀችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ገና ባለፈ በሳምንቱ አንድ ወጣት ወረፋውን ጥሶ ገባ። ሲላስ ይባላል፤ ዶርዜ ተወልዶ ከሴቻ በታች ባለው የከተማው ሰፈር፣ ሲቀላ ላይ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ስልኩን ፊቷ ላይ ዘረጋ። ስልኩ ላይ የአንድ ወረቀት ፎቶ አለ።

«ዘር የለውም ብለሽ የፈረምሽብኝ አንቺ ነሽ?»

መነን የዚያን ቀን ስለ በቆሎ ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቃ ነበር። ወንድሜ፣ እዚህ የሰው ዘር አይመረመርም፣ ሰሌዳው ተሳስቶ ነው፣ አንተንም ዓይቼህ አላውቅም አለችው፤ ይህን ንግግር እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። ሲላስ ግን አልሄደም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ነገራት።

ዕድላዊት እጮኛው ናት። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጦ ነበር። በታኅሣሥ ወር በአንዱ ሰኞ ጠዋት አባቷ ሲቀላ መናኸሪያ አስጠርተውት፣ ባለ ሰማያዊ ክዳን ዕቃ አውጥተው፣ ቤተ ክርስቲያን ተጋቢዎችን እንደምታስመረምር ታውቃለህ፣ አሁን አንድ ምርመራ ተጨምሯል፣ ትፋበት አሉት። የኤች አይ ቪውንም ያስመረመረችው ቤተ ክርስቲያን ናትና አልጠረጠረም። ተፋበት። ከዚያ አንድ ቀን ሽማግሌዎች መጥተው ጋብቻው ቀርቷል አሉት። ለምን ቢል ወረቀት አሳዩት፤ በመንግሥት ማሽን ተፈልጎ፣ ዘሩ አልተገኘም። ወረቀቱን እዚያው በስልኩ አነሣው።

የነገሩ ሁሉ ሥር አያቱ ናቸው። አያቱ ጎልማሳ ሆነው ከተራራው ወዲያ ወደ ዶርዜ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ከየት ወገን እንደሆኑ ማንም በእርግጥ አያውቅም። ሸክላ ከሚሠሩት ናቸው የሚል ወሬ አለ። በዚያ አገር ጨዋ ነኝ የሚለው ገበሬ ከሸክላ ሠሪ ጋር አይጋባም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በአፍ ቀርቷል ይባላል እንጂ በልብ አልቀረም።

«አንጁሎ ነው የአያቴ ስም» አለ ሲላስ። «አባቷ አንድ ቀን ስሙን ጠርተው አያውቁም። ‹ያ የመጣው ሰውዬ› ነው የሚሉት። ሸክላ ሠሪ ቢሆንስ ታዲያ? እሳቸው በምን ድስት ነው የሚበሉት?»

መነን ግን መስማት ያቆመችው ከመናኸሪያው ላይ ነው። ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ፎቶውን አሰፋችው። ፊርማው የእሷ ነው። የታማሚ ስም የሚለው ቦታ ላይ ዕድላዊት ኦይታ፣ ሴት ይላል።

እሱ ነው። ልጁ። ሥራ ላይ ነው። ሰውየው አልዋሹም፤ አማርኛም አልተምታታባቸውም። እውነቱን ነግረዋታል፤ እሷ ናት አርማ ያበላሸችው። የደም አክታ የተጻፈላት ልጅ አንዲት ጠብታ እንኳ አልተመረመረላትም፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ አልፏል።

«ዕድላዊት ትስላለች?»

ሲላስ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልጠበቀም። ከገና በፊት በስልክ ሲያወሩ ሳሏ ወሬዋን እየቆረጠባት ሁለት ቃል አትጨርስም ነበር አለ። ካለፉት አራት ቀናት ወዲህ ደግሞ ስልኳ ዝግ ነው። ተቆጥታኝ መስሎኝ አለ።

መነን የጤና ኤክስቴንሽኗ ጋ ደወለች፤ አዋሳ ለስልጠና ሄዳለች። በዛብህ ቢሮ ሄዳ መኪና ጠየቀች። በዛብህ ናሙና ከገጠር ማምጣት የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም አሉ፤ ይሁን ከተባለም ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ለስብሰባ ወጥቷል።

«ጋሽ በዛብህ» አለች መነን፣ «አንዲት ፊደል ቦታ አልበቃትም ብለው ያስቀሯት እርስዎ ነዎት። እሷን ፊደል ፍለጋ ነው የምሄደው።»

በዛብህ አልገባቸውም። ሁለት ፊደል ናቸው ብለው አረሟት። እሷም ሳታስረዳ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት የአክታ ዕቃና የበረዶ ሣጥን ይዛ ከሲላስ ጋር በሚኒባስ ወጣች። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ገረሴ ደረሰች። ሲላስ ቤቱን ከሩቅ አሳያትና ገበያው ዳር ቀረ፤ እሱ አብሯት ከገባ በሩ እንደማይከፈት ሁለቱም ያውቃሉ።

ዕድላዊት ምድጃው አጠገብ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳ ተኝታለች። ፊቷ ላይ የቀረው ዓይን ብቻ ነው። ለእንግዳ ልትነሣ ስትል ሳሏ መልሶ አስተኛት። መነን መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መስኮቱን መክፈት ነው። ኦይታ ብርድ ይገባል ብለው ሊዘጉ ሲነሡ፣ ይግባ አለቻቸው፤ በሰው ቤት እንዲህ አዝዛ አታውቅም።

ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። መነን መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቁጣ ነበር። ዕቃው የልጅዎ ነበር፣ ለምን የሌላ ሰው ምራቅ አመጡ አለቻቸው። ኦይታ አልካዱም። የልጄ ሳል ብርድ ነው፣ ይለቃል፤ ዕቃው ደግሞ አንድ ነው፤ ዘር የሚያይ ማሽን ሁልጊዜ አይገኝም፤ ለሚጠቅመው ነገር አዋልሁት አሉ። መነን እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ለምን ልጁን ራሱን አልጠየቁትም? ‹አያትህ ማን ነው› አይባልም?»

«አይባልም» አሉ ኦይታ። «እኔ የጉባኤ ሽማግሌ ነኝ። በጌታ ሁላችን አንድ ነን፣ ጨዋና ሸክላ ሠሪ የለም ብዬ መድረክ ላይ የሰበክሁት እኔ ነኝ። እኔ መጠየቅ አልችልም። ማሽን ግን ሃይማኖት የለውም፤ መጠየቅ ይችላል።»

ንግግራቸው ከልብ ነው። መነን ልትስቅም ልታለቅስም ዳዳት። ተንኮለኛ ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ሰውየው ግን ሁለት ነገር ባንድ ልብ ይዘው መውጫ ያጡ ናቸው፤ መውጫ ብሎ በሩን ያሳያቸው ደግሞ የእሷ ቤት ሰሌዳ ነው። ሲጨንቃቸው ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለም ወይ አሉ።

«አባቴ፣ ልንገርዎ» አለች። «የገረሴ ገበያ መሀል አንድ ሰው አቁመው አንድ ስም ብቻ ቢያስተምሩት፣ ቀኑን ሙሉ ያንን ስም ይጣራል። ባለ ስሙ ገበያ ወጥቶ ከሆነ አቤት ይላል። ካልወጣ ማንም አቤት አይልም። ገበያው በሰው ቢሞላ ተጣሪው አያውቅም፤ የሚያውቀው አንዱን ስም ነው። የእኛ ማሽን የሚጣራው የነቀርሳን ስም ነው። ሲላስ ውስጥ ተጣራ፤ አቤት ያለ የለም። ‹አልተገኘም› ማለት ይኼ ነው። በሽታ የለበትም ማለት ነው።»

ኦይታ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ያቺን ወረቀት አወጡ። በጣታቸው እየተከተሉ ሙሉውን አነበቡት፣ በዚህ ጊዜ እስከ ታችኛው ደቃቅ ጽሕፈት ድረስ። «ድጋሚ አክታ ይላክ» የምትለው ላይ ጣታቸው ቆመ። ዕድላዊት ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ «አባ፣ ዕቃውን እኮ የጤና ኤክስቴንሽኗ የሰጠችው ለኔ ነበር» አለች። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ማስታወስ ያህል ነው ያለችው። ሰውየው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የራሳቸው ሳል ቀደማቸው፤ ወረቀቱ ከእጃቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳሉ።

መነን ከሣጥኑ ሁለት ዕቃ አወጣች። በዚህ ጊዜ ስልክ የሚጠራት የለም። ሁለቱንም ደጅ አስወጥታ፣ ከደረት እንዲሆን፣ ምራቅ እንዳይሆን፣ በየተራ እያየች አስተፋቻቸው። ስማቸውን ዕቃው ላይ በራሷ እጅ ጻፈች። ገበያው ዳር ስትመለስ ሲላስንም በሦስተኛው ዕቃ አስተፋችው፤ አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለት ጊዜ ይለካል።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱን አስገብታ ከማሽኑ ፊት አልተነሣችም። ዕድላዊት፣ ተገኝቷል። ኦይታ፣ ተገኝቷል። ሁለቱም መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት አይደለም፤ ያን ስታነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች። ሲላስ፣ አልተገኘም። ወረቀቶቹን ይዛ ወጣችና በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ሰፊውን የቁስል ፕላስተር አምጥታ «ዘር» የምትለዋን ቃል ሸፈነቻት። ከሰዓት በኋላ ከአስተዳደር ደብዳቤ ደረሳት፤ የመንግሥት ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ ፕላስተር ስለመለጠፍ ማብራሪያ እንድትሰጥ። ለመውቀስ ደብዳቤ ሲሆን ሦስት ሰዓት አልፈጀባቸውም።

ረቡዕ አባትና ልጅ ተጠርተው መጡ። ሲላስ ከመናኸሪያ በባጃጅ አምጥቷቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ፤ ከኦይታ ጋር መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል እንዳልተነጋገሩ ከሁለቱም ፊት ይታያል። መነን የአፍ መሸፈኛ ሰጥታ፣ አስቀምጣ፣ ውጤቱን ነገረቻቸው። ስድስት ወር መድኃኒት ይወሰዳል፤ ይድናል፤ ያለ ማቋረጥ ከተወሰደ ይድናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሲቀላ የኦይታ እኅት ቤት እንዲቀመጡ ተስማሙ።

ኦይታ «ተገኝቷል» የሚሉትን ሁለት ወረቀቶች ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ከማን ነው የያዛት?»

መነን ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመችው ነገር ነበራት። ብትናገረው ደስ ይላት ነበር። ግን ሰውየው ማወቅ የፈለጉት እውነቱን ነው፤ ከተጠየቀችው አልወጣችም።

«መጀመሪያ መሳል የጀመረው ማን ነው?»

«እኔ» አሉ። «መስቀል ሳይደርስ።»

«እሷስ?»

«ጥቅምት።» የልጃቸውን እጅ ፈለጉ፤ አገኙትና ያዙት። «እንግዲያው ከአባቷ ነው የወረሰችው።»

«ሳይሆን አይቀርም፣ አባቴ።»

«እሱስ?» አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ዛፉ እያዩ። በዚህ ጊዜ መነን አላረመቻቸውም።

«እሱ ሁለት ጊዜ ተመርምሯል። ከሦስታችሁ ንጹሑ እሱ ነው።»

ንጹሕ የምትለዋ ቃል በኦይታ አገር ለሳንባ አትነገርም። ለየትኛው ነገር እንደምትነገር መነንም አሁን ታውቃለች፤ አውቃ ነው ያለችው። ሰውየው ጋቢያቸውን አንሥተው፣ ከመሸፈኛው በላይ፣ አፋቸውን ሸፈኑ፤ አልሳሉም ግን።

የሕክምናው ቅጽ ቀረበ። በየቀኑ መድኃኒቱ ሲዋጥ በዓይኑ የሚያይ፣ ጤነኛ የሆነ፣ ታማሚው የሚያምነው አንድ ሰው ይመዘገባል፤ ስም ከነአያት። መነን ለዕድላዊት ማን እንበል አለች። «ሲላስ» አለች ዕድላዊት ሳትጠብቅ። የአባት ስም ሲባል «ማቴዎስ» አለች። ከዚያ ሳል ያዛት።

መነን እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆየች። የአያት ስም የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ስሙን ታውቀዋለች፤ ሲላስ ነግሯታል። ልትጽፈው ትችል ነበር፤ አልጻፈችውም። ዕድላዊት ሳሏን ጨርሳ ቀና አለች፤ እሷም ታውቀዋለች፤ እሷም አልተናገረችም። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነው።

ኦይታ ወለሉን እያዩ አንድ ነገር አሉ።

«አልሰማሁም፣ አባቴ» አለች መነን። በዚህ ጊዜ ግን ሙሉውን መስማት የእውነት ፈልጋ ነበር።

«አንጁሎ» አሉ ቀና ብለው። «ሲላስ ማቴዎስ አንጁሎ።»

ጻፈችው። ሁለተኛውን ቅጽ ከታች ሳበችና በላዩ ላይ ኦይታ ብላ ስማቸውን ሞላች። የእርስዎንስ መድኃኒት ማን ይይልዎት አለቻቸው። ሰውየው በመስኮቱ ወደ ዛፉ ሥር ትንሽ ተመለከቱ።

«ያንኑ ስም ጻፊ» አሉ። «ከነአያቱ።»